የዲያቆኑ ክብደት

የዱር ተርኪ አርባ ፓውንድ አይመዝንም። ይህን ዛሬ አይደለም የጀመርኩት፤ ስናገረው ኖሬያለሁ፤ የሚሰማኝ ጠፍቶ ነው እንጂ። አሜሪካ መጥቼ ሊቶኒያ ከተማ ከገባሁ ጀምሮ ጸደይ በመጣ ቁጥር ይህን ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ ላድን ጫካ እገባለሁ፤ በእጄ ካነሳኋቸው ሁሉ ትልቁ ሃያ አራት ፓውንድ ነበር፤ እሱንም ያዩ አሜሪካውያን አዳኞች አፋቸውን ይዘው ነው ያዩት። ጎልማሳ ወንድ አስራ ስምንት፣ አስራ ዘጠኝ፣ ቢበዛ ሃያ አንድ ነው። በቃ።

ይህንኑ በዐቢይ ጾም፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ብናገር ሳቁብኝ። ዳኛቸው፣ ዕድሜውን ሙሉ ከመኪና ወንበር ወርዶ ሣር ያልረገጠ ሰው፣ ምስር ወጡን እየጠቀለለ ያስተምረኝ ጀመር።

"አሹ፣ ከሱቅ የምንገዛው እንኳ ሃያ አራት ነው። ያውም ቤት ተዘግቶበት ያደገው። ጫካ ሙሉ ሲበላ የሚውለው የዱሩማ ስንት ሊሆን ነው?"

"የሱቁ ስለማይበር ነዋ! የዱሩ ሲመሽ ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው የሚተኛው። አርባ ፓውንድ ተሸክሞ ዛፍ የሚወጣ ወፍ የት ነው ያየኸው? በዚያ ላይ በጸደይ ወንዱ ሴቶቹን ሲያሳድድ መብላት ይረሳል። ይከሳል እንጂ አይወፍርም።"

"እንግዲያው አንተ ትንንሾቹን እየመረጥክ ነዋ የምትገድለው" አለኝ። ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ደግሞ እንድርያስ ነው፤ የሚስቴ የመዓዛ ታናሽ ወንድም።

"ብሮ፣ እኔ አይቼዋለሁ! ቪዲዮ አድርጌዋለሁ፤ ላሳያችሁ። ሲሪየስሊ፣ አርባ ይሞላል። ለፋሲካ እኔ ነኝ የማመጣላችሁ፤ እዩ!"

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሳየው ደሜ ፈላ። እንድርያስ የቀረጸው ዲያቆኑን ነው።

ዲያቆኑ ከእኛ አጠገብ ባለችው ከተማ፣ ኮንየርስ ውስጥ፣ በሚስ ሎሬን መሬት ላይ የሚኖር ያረጀ አውራ ተርኪ ነው። ስሙን ያወጣችለት ራሷ ናት፤ ደረቱን ነፍቶ ሲንጎራደድ የቤተ ክርስቲያኗን ዲያቆኖች ይመስላል ብላ። ሚስ ሎሬን ባሏ ሮይ የሞተባት አሮጊት ናት። ያንን ሁሉ ጥድና ያንን ሜዳ ማንም ሳይደርስበት እንዳድንበት የፈቀደችልኝ አጥሯን ስለምጠግንላት፣ የወደቀ ዛፍ ስለምቆርጥላትና ያለችውን ስለምሰማ ነው። ያለችው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "የፈለግኸውን ውሰድ፤ ዲያቆኑን ግን አትንካብኝ።" ሮይ እስኪሞት ድረስ ሲያሳድደው ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቶ ተኩሶ ስቶታል። ጥይቱ የግራ እግሩን አንድ ጣት ቆርጦ ስለሄደ ወፉ ሲራመድ ያነክሳል። ሚስ ሎሬን በጸደይ ጎህ ሲቀድ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ድምፁን ትሰማለች። እኔም ከሷ ጋር የሰማሁበት ቀን አለ።

እንድርያስን መጀመሪያ የወሰድኩት አጥር እንዲያግዘኝ ነበር። ቪዲዮውን ያኔ ቀርጾ ኖሯል። ከዚያ እሑድ በኋላ የአደን ፈቃድ አወጣ፣ ቅጠል ቅጠል የሚመስለውን ልብስ ከላይ እስከ ታች ገዛና መዓዛን ላከብኝ። "ወንድሜ አይደል? አንድ ቀን ብትወስደው ምን ትሆናለህ?" አለችኝ። እኔ ሞኙ ወሰድኩት። መኪና ውስጥ ሦስቴ ነገርኩት፦ "የሚያነክሰውን አትተኩስም። የሚያነክስ ካየህ እጅህን ከጠመንጃው ታነሳለህ። ገባህ?"

"ገብቶኛል፣ ላይክ፣ ሕፃን ነኝ እንዴ?"

ጥድ ሥር ጀርባችንን አስደግፈን ተቀመጥን። የሴት ተርኪ ድምፅ የሚያወጣውን መጥሪያዬን ሁለት ጊዜ አሰማሁ። ከሸለቆው ማዶ መለሰልኝ፤ ድምፁን አወቅኩት። ሜዳው ላይ ወጣ። ጅራቱን ዘርግቶ፣ ክንፎቹን መሬት ላይ እየጎተተ፣ ጭንቅላቱ አንዴ ቀይ አንዴ ሰማያዊ እየሆነ፣ እያነከሰ መጣ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ተነፍቶ ላየው በግ ያክላል። ግን ላባና ነፋስ ነው። ይህን የማያውቅ አዳኝ አይደለም።

"እሱ ነው፤ ተው" አልኩት በሹክሹክታ።

"አርባ ነው" አለ።

"እንድርያስ፣ ተው!"

ተኮሰ።

ሮጥኩ። ክንፉ ገና ይራገብ ነበር። ቢላዬን አውጥቼ፣ በስመ አብ ብዬ አረድኩት፤ ንዴቱ ቢያንቀኝም ሳይባረክ እንዲሞት አልፈለግኩም። ከዚያ ዞር ብዬ የሚስቴን ወንድም ደረቱ ላይ ገፈተርኩት፤ በቅጠል ልብሱ ሣሩ ላይ ዘጭ አለ።

"ምን አልኩህ? ምን ነበር ያልኩህ?"

"አልሰማሁህም፤ ዋላሂ... ማለቴ ማርያምን! ሁሉም ያው ተርኪ ነው እኮ፤ ሴትዮዋ በምን ታውቃለች?"

"በጆሮዋ! ነገ ጠዋት በረንዳዋ ላይ ስትቀመጥ ታውቃለች!"

አላዳመጠኝም። ዓይኑ ወፉ ላይ ነበር። ላባው ተኝቶ፣ ጅራቱ ታጥፎ ሲታይ በግ ያክል የነበረው ነገር ተሟሽሿል። አዲስ አበባ ስንሄድ ሻንጣ የምንመዝንበትን ሚዛን ከመኪናው አውጥቼ አንጠለጠልኩት። አስራ ሰባት ፓውንድ። እንድርያስ "ደሙ ስለፈሰሰ ነው" አለ። ይህን ሲል አላፈረም። ከዚያ ወፉን በአንድ ክንዱ ወደ ስልኩ ዘርግቶ፣ ራሱን ከኋላ አድርጎ ፎቶ ተነሳ፤ በፎቶው ላይ ወፉ ከሰውዬው ይበልጣል። ለሁሉም ልኮት ኖሮ ቤት ሳንደርስ የአዳራሹ ሰው ሁሉ "አርባ ፓውንድ" የሚለውን በየስልኩ አይቷል። እኔ ከዚያ ከመነሳታችን በፊት በረንዳዋ ላይ ወጥቼ በሩን ባንኳኳም ሚስ ሎሬን አልነበረችም፤ መኪናዋም የለም። አፍሬ ተመለስኩ።

መዓዛ ወፉን ለፋሲካ ብላ ፍሪዘር አስገባችና እኔን ትቆጣኝ ጀመር። በጾም ቂም መያዝ ኃጢአት ነው አለችኝ። በጾም ዲያቆን መግደልስ አልኳት። እንድርያስ ከፊቴ ድርሽ እንዳይል ስለነገርኩ በማግስቱ ሽማግሌ ላከብኝ፤ ጋሽ አምባዬንና ሁለት ትልልቅ ሰዎችን፣ ጋቢያቸውን ደርበው። ደጃፌ ላይ ቆመው አንቀመጥም አሉ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ አምባዬ" አልኳቸው። "እኔን አልበደለኝም። የበደለው ሴትዮዋን ነው። ሽምግልና የሚፈልጉ ከሆነ እሷ ጋ ይሂዱ።"

ይህን ያልኩት ተናድጄ፣ እንዲሄዱልኝ ነው። ጋሽ አምባዬ ግን በነገር ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው፤ "እውነትህን ነው፤ ለሷ ነው የሚገባው" ብለው ሄዱ። ቅዳሜ ጠዋት ዳኛቸው ደወለልኝ። ሽማግሌዎቹን ጭኖ ኮንየርስ ሚስ ሎሬን አጥር ጋ ፓርክ አድርጓል፤ እንድርያስም አለ። "ቶሎ ና፤ አስተርጓሚ ያስፈልገናል" አለኝ። እየጮህኩበት ከአልጋዬ ተነሳሁ። ሦስት ነጭ ጋቢ የለበሱ የማታውቃቸው ሽማግሌዎች ደጇ ላይ ቆመው ብታይ ፖሊስ ትጠራለች ብዬ የትራፊክ መብራት ሁሉ ጣስኩ።

ስደርስ የባሰውን አየሁ። እንድርያስ እንደ አገራችን ወግ ይቅርታ ጠያቂ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ድንጋዩን ያነሳው ደግሞ ከራሷ ከሚስ ሎሬን የአበባ መደብ ዳር ነው።

እሷ በረንዳዋ ላይ ወጥታለች፤ ስልኳን ጨብጣለች። "አሸብር! እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው? ተቀመጡ ብል እምቢ አሉኝ። ልጁስ ለምንድን ነው ድንጋዬን የተሸከመው?"

ጋሽ አምባዬ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ። "እመቤቴ፣ ልጃችን ሳያውቅ፣ በስሕተት፣ ዓይኑ አታሎት አንድ ወፍዎን ገድሏል..."

እኔ ተረጎምኩ። "ሚስ ሎሬን፣ ይህ ሰው ዲያቆኑን ገደለው። አውቆ ነው። ተው ብዬው ነው።"

"እኔ እንዲያ አልኩህ?" ጋሽ አምባዬ ዞሩብኝ። "እንግሊዝኛ የማልሰማ መሰለህ? ሽማግሌ ነገር ያበርዳል እንጂ ቤንዚን አይጨምርም!"

"እውነቱን ነው የነገርኳት!"

"አፍህን ያዝ!"

ሚስ ሎሬን ተቀመጠች። "ድምፁን ሳጣው ጠርጥሬ ነበር" አለች። "እንግዲህ እዚህ ማንም አይገባም። አንተም ጭምር፣ አሸብር። ይዘኸው የመጣኸው አንተ ነህ።"

ያ ሁሉ አጥር፣ ያ ሁሉ ጸደይ በአንድ ቃል አለቀ። ልቤ ተቃጠለ። እንድርያስን በዚያው ድንጋይ ብፈነክተው ደስ ይለኝ ነበር።

ሚስ ሎሬን ቀና አለች። "ስንት መዘነ?"

አይ፣ ይሄንንስ እኔ ነኝ የምመልሰው አልኩ። ስንት ሰው ሲዋሽበት ከርሟል። "አስራ ሰባት ፓውንድ" አልኳት፤ አንገቴን ቀጥ አድርጌ።

"አስራ ሰባት" አለች። ፊቷ ወረደ። "ሮይ ሰላሳ ነው ይለኝ ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ፣ የመጨረሻ ቀኑ፣ 'ሎሬን፣ ሰላሳ ይሞላል' ነው ያለኝ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እንድርያስ ወፏን ገደለባት፤ እኔ ደግሞ ቆሜ፣ ቀጥ ብዬ፣ ሮይን ውሸታም አደረግኩባት።

"ኖ፣ ማም" የሚል ድምፅ ከድንጋዩ ሥር መጣ። እንድርያስ ቀና ማለት ስላልቻለ ለመሬቱ ነበር የሚናገረው። "አሸብር ያየው ሚዛኑን ነው። የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ከሜዳው እስከ መኪናው በትከሻዬ። ሰላሳ ነው።"

ላንቀው ሁለት እርምጃ ሄድኩ፤ ጋሽ አምባዬ ክንዴን ያዙኝ።

ሚስ ሎሬን ልጁን አየችው። ከዚያ እንባዋን በእጇ ጠረገች። "አውርደው" አለችው፤ "አንገትህን ይሰብርብሃል። ሌሎቻችሁም ተቀመጡ፤ በእግዚአብሔር።"

እንድርያስ ድንጋዩን አወረደ። ሽማግሌዎቹ እግዜር ይስጥልን ብለው ተቀመጡ። ስለ ሮይ ስታወራቸው ዋለች፤ ጋሽ አምባዬ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ እንድርያስ እያስተረጎመ። እኔን ማንም አልፈለገኝም። ልንሄድ ስንል እጄን ያዘችኝ። "በሚቀጥለው ጸደይ ና" አለችኝ። "ግን ልጁን ይዘኸው ና። ከሱ ጋር ካልሆነ አትምጣብኝ።" እሺ አልኳት፤ ጥርሴን ነክሼ።

ፋሲካ ደረሰ። መዓዛ ወጡን ሠራችው፤ ያረጀ ወፍ ነውና እንደ ጫማ ሶል ይለጠጣል። ቤቴ በእንግዳ ሞልቷል። ዳኛቸው ቅልጥሙን እየታገለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀኝ።

"አሹ፣ አሁን በእናትህ፣ በፋሲካ አትዋሽ። አርባ ነው አይደለም?"

እንድርያስ አቀርቅሮ እንጀራ ይቆርሳል። አፌ ላይ የነበረውን ቁጥር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

"ሰላሳ" አልኩ።

እንድርያስ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኔን አፈጠጥኩበት፤ እንደ ተናደድኩ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።