ጥፋቱ ሁሉ የሰገነት ጣት

የምስጢር ቃል ቀርቶ በጣት መግባት ከመጣ ወዲህ፣ ሰቆጣ ባለው የመድኃኒት መጋዘን ነገር ሲበላሽ ጥፋተኛው የታወቀ ነው፤ የመጋዘን ሠራተኛዋ የሰገነት ጣት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ጣቷ፣ ኔትወርክ ሲቆረጥ ጣቷ። «የእርሻ እጅ ነው፣ መስመሩ አልቋል» ይላል ኮምፒውተር ጠጋኙ ምንዋጋው። ኃላፊው ደግሞ ይህንኑ ይዞ ስንት ስብሰባ ላይ አቁሞ ወቅሷታል። አራተኛ ክፍልን ያልጨረሰች ሴት ምን ትመልስ? ዋጥ አድርጋ ኖረች።

ዛሬ ነርስ ማስተዋል ኢንሱሊን ልትወስድ ከአምደወርቅ መጥታለች። አንዲት የስኳር ሕመምተኛ ልጅ እዚያ ጤና ጣቢያ ተኝታለች፤ ያለው የኢንሱሊን ብልቃጥ ተሟጧል። የማቀዝቀዣው ክፍል በር ደግሞ ያለ ጣት አይከፈትም።

ሰገነት ጣቷን በበሩ ጎን ባለው የጣት መለያ መስታወት ላይ አስቀመጠች። ቀይ። በነጠላዋ ጠርጋ ደገመች። ቀይ።

«እትዬ ሰገነት፣ ጣትዎ ነው አልኩ እኮ» አለ ምንዋጋው። «ሰርዤ እንደ አዲስ ልመዝግብዎት። ከባሕር ዳር ዋናው ቢሮ እስኪፈቀድ ለነገ ነው።»

«ለነገ?» ማስተዋል ጮኸች። «ልጅቷ ነገን የምታይ መሰለህ?»

ሰገነት ብድግ ብላ የምንዋጋውን የእጅ አንጓ ለቀም አደረገች።

«ምን ሆነዋል? ይልቀቁኝ እንጂ!»

«ያንተስ ጣት ተመዝግቦ የለ? እጅህ ከእስክሪብቶ ሌላ አያውቅም። በል አስቀምጥ!»

መስታወቱ ላይ ጫነችው። ቀይ።

ምንዋጋው ነገሩ ገባው መሰል፣ ሰርቨሩ ወዳለበት ክፍል ሮጠ። ሲመለስ ላብ በላብ ሆኗል።

«ጧት መብራት ሲመጣ የሰርቨሩ ሰዓት ጠፍቶ ነበር። የግድግዳውን አየሁና ሦስት ብዬ ሞላሁት። በፈረንጅ ዘጠኝ ማለት ነበረብኝ። የእኛ ሰርቨርና ኢንተርኔት ላይ ያለው ዋናው ሰዓታቸው ካልገጠመ አይተማመኑም፤ የማንንም ጣት አይቀበሉም። አሁን አስተካክዬዋለሁ፣ ይሞክሩት።»

አረንጓዴ በራ። በሩ ጠቅ አለ። ሰገነት ኢንሱሊኑን በበረዶ ሣጥን አሽጋ ለማስተዋል አስታቀፈቻት፤ መኪናዋም አቧራ አስነሥታ ወጣች።

«ለኃላፊው እኔ እነግረዋለሁ፣ እርስዎ አይድከሙ» አለ ምንዋጋው ወደ መውጫው እያዘገመ።

«ምን ብለህ?»

«ያው… የሲስተም ችግር ነበር እላለኋ።»

«የእኔ ሲሆን በስሜ፣ ያንተ ሲሆን ሲስተም?» በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። ስልኳን አውጥታ ኃላፊው ጋ ደወለች፤ ስፒከሩን ከፍታ አፉ ሥር ደቀነችለት። «ሰዓቱን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ በለው።»

«ሃሎ? ማነው?» አለ ኃላፊው።

ምንዋጋው ጉሮሮውን ጠራረገ። ሰገነት አንድ በአንድ ተናግሮ እስኪጨርስ ከበሩ ፈቀቅ አላለችም።