ሳል የሌለበት ዳዊት

የገበያነሽን ዓይን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዳዊት የሚያነብላት ባሏ ወዳጆ ነው። የደም ግፊት ክኒን በጀመረ በወሩ ግን ደረቅ ሳል ያዘው፤ አንድ መስመር እንኳ አያስጨርሰውም።

ሰሞኑን ሳሉ ተወው። ገበያነሽ ደስ ብሏት ስታዳምጥ ሰነበተች። ዛሬ ግን የዕለቱን ድርሻ ሲጨርስ አንድ ነገር ጎደላት፤ ክኒኑ ከማሸጊያው ሲወጣ የሚሰማው ቀጭ የሚል ድምፅ።

«ወዳጆ፣ ክኒንህን መቼ ዋጥክ?»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ» አለ። «የሚያስለኝ እሱ ነው። ሳላቋርጥ ላነብልሽ ብዬ እኮ ነው።»

«አንተ ሰውዬ! ዕድሜ ልክህን ኩረጃ ስትይዝ የኖርክ መምህር፣ ዛሬ እኔን ታታልላለህ? አንድ ነገር ብትሆን ማን ያነብልኛል?»

እጁን ይዛ ካዛንቺስ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ግፊቱ ከፍ ብሏል።

«አንዳንድ ሰው ላይ ሳል ያመጣል፣ አባባ» አለች ሐኪሟ። «ቢነግሩን እንቀይርልዎ ነበር። በራስዎ ግን እንዳያቆሙ።» ሌላ ዓይነት ጻፈችለት።

በማግስቱ ዳዊቱን ሊገልጥ ሲል ገበያነሽ እጇን መጽሐፉ ላይ ጫነች።

«መጀመሪያ ልስማ።»

ወዳጆ ጆሮዋ ሥር ክኒኑን ቀጭ አደረገላት። ከዚያ እጇን አነሳች።