ያልመለስኩት ሰላምታ

ሰው ሰላም ሲለኝ ሳልመልስ የቀረሁት በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው። የተጣላሁትን ሰው እንኳ መጀመሪያ ሰላምታውን መልሼለት ነው የምሰድበው። ያን ቀን ግን ከንፈሬን እንዳላንቀሳቅስ ተነግሮኝ ነበር፤ የነገረኝም ታናሽ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ አናጢ ነው፤ እኔ ቦርሳ ሰፊ። እናታችን ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበርና አጉርሼም፣ አጥቤም፣ ገርፌም ያሳደግሁት እኔ ነኝ። የምንኖረው አባታችን ለሁለታችን በተወልን ቤት ነው። የኋላው ክፍል የእሱ እንጨት መላጊያ፣ የፊቱ የእኔ መስፊያ፣ መሃል ላይ ግቢ። የእኔ ክፍል በሩ ሰፊ ስለሆነ ፀሐይ ሳትሰስት ትገባለች። በዚህ ዓይኔ መርፌ ውስጥ ክር የማሾልከው በዚያ ብርሃን ነው። ከዚያ ክፍል ውጪ አሮጊት ነኝ፤ እዚያ ውስጥ ግን ባለሙያ ነኝ።

ቤቱን የሚቋምጡ ሰዎች አልጠፉም። አንድ ደላላ ነበር፤ ዝናብ ኖረም አልኖረም ጃንጥላ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ስለሚዞር ሰፈሩ ሁሉ ጃንጥላው ይለዋል። በመጣ ቁጥር በመጥረጊያ እሸኘዋለሁ። አንድ ጊዜ ዋጋውን እንኳ ስሚኝ ብሎ ሲለማመጠኝ፣ መጀመሪያ አንተ ራስህ ስንት እንደምታወጣ ንገረኝና ከዚያ ስለ ቤቱ እናወራለን አልኩት። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ሳቀ። ቤቱ የሁለታችን ነው፣ ያለ እኔ ቃል አይሸጥም፤ እሱም የሳቀው ከእኔ ጋር መሰለኝ።

ከዚያ ሌንሱ መጣ። ከተሰበረ የወረቀት ማባዣ ማሽን የወጣ ነው፣ የሻይ ብርጭቆ ያህላል። ወንድሜ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ገዝቶ፣ እንደ እንቁላል በመሐረብ ጠቅልሎ አምጥቶ መስፊያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ካሜራ ልሠራ ነው አለኝ። ትልቅ ካሜራ፣ የድሮ ዓይነት፣ በሦስት እግር የሚቆም። ሥራ ቀዝቅዞበት ሰንብቶ ነበርና እጁ የሚይዘው ነገር በማግኘቱ ደስ አለኝ። አፌ ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ ለእኔ ሬሳ ሣጥን መለማመጃህ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ሣጥኑስ አያቅተኝም፣ እትዬ። ወናፉን ማን ይሠራልኛል?» አለ።

ወናፍ የሚለው፣ ከፊት ካለው ሌንስ እስከ ኋላው መስታወት ድረስ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የሚዘረጋውን ቆዳ ነው። ሥራው ብርሃን በሌንሱ በኩል ብቻ እንዲገባ፣ በሌላ በየትም እንዳይሾልክ መከልከል ነው። ቆዳ ከሆነ ደግሞ ለማንም አልተውም። ያለኝን ጥቁር ቆዳ ፍቄ ፍቄ የሽንኩርት ልጣጭ አስመሰልኩት፤ እጥፋቱ ውስጥ ካርቶን ከተትኩ፤ ከዚያ ጥግ ጥጉን በድርብ ክር ሰፋሁት። ስፌት አይቼ አውቃለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን ከራሴም እጅ ወጥቶ አያውቅም። ወንድሜ በሩን ዘግቶ ክፍሉን አጨለመና ወናፉ ውስጥ አምፖል አበራ። መርፌዬ ያለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ቦግ አለ። ኮከብ የፈሰሰበት ሰማይ። ስፌት ብርሃን እንደሚያፈስ በምን ልወቅ? ቦርሳ ውስጥ ማን አምፖል ያበራል? ወንድሜ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔም እንባዬ እስኪወርድ። ያን ወናፍ መጣል አሳዘነኝና ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ሁለተኛውን ያለ አንዲት መርፌ በማጣበቂያ ብቻ ሠራሁት። ያለ ጨው እንደ መብላት ነበር፤ ግን ብርሃን አላስገባም።

እሱ ሣጥኑን ከእናታችን ቁም ሣጥን በር አወጣው። የኋላውን መስታወት በደቃቅ አሸዋና በውሃ አሽቶ አሽቶ አደበዘዘው፤ ምስሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ሲያልቅ ጥቁሩን ጨርቅ ራሴ ላይ ጣለልኝና እይው አለኝ። አየሁ። ግቢያችን ተዘቅዝቋል። የተሰጣው ልብስ ወደ ላይ ቆሟል፤ ድመቷ በሰማይ በኩል ጅራቷን አንጠልጥላ ታልፋለች። ዓለም ተገለበጠች ሲሉ ሐሜት ይመስለኝ ነበር አልኩት።

ግድግዳውን፣ የውሃ በርሜሉን፣ የተኛችውን ድመት አነሣን። የዕቃ ቤቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፈን፣ ቀይ አምፖል አንጠልጥለን ፎቶ ማጠብ አስተማረኝ። መጀመሪያ የሚወጣው ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ነው፤ እሱን ሌላ ወረቀት ላይ ደርበው ብርሃን ሲያሳዩት ትክክለኛው መልክ ይመጣል። ጠርሙሶቹ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አልችልም፤ በጠረናቸው ነው የምለያቸው። እኔ ትምህርት ቤት አልሄድኩም፣ አፍንጫዬ ግን ሄዷል። ያን ሰሞን እንደዚያ ሆነን አንድ ሳህን ላይ ስንበላ፣ ስንላከፍ፣ ስንሳሳቅ፣ ልጅነቱ የተመለሰ መሰለኝ።

ከሰው መጀመሪያ የማነሣው አንቺን ነው አለኝ። ቀሚሴን ተኮስኩ።

ወንበሩን ግቢው ውስጥ፣ ጀርባውን ለመስፊያ ክፍሌ በር ሰጥቶ አስቀመጠው። ከኋላው ዘንግ አቁሞ አንገት የሚደግፍ ሹካ ገጥሞለታል፤ ትራሱን የሰፋሁት እኔው ነኝ። ሌንሱ ላይ ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ ያላት ካርቶን አደረገ። ቀዳዳዋ ስትጠብ ቅርቡም ሩቁም እኩል ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ብርሃኑ ግን በጠብታ ስለሚገባ ብዙ መቀመጥ አለብሽ አለኝ። አመንኩት። ደግሞም እውነቱን ነው። ሌንሱን ብቻ እዪ፣ ማንም ቢጠራሽ አትዙሪ፣ አፍሽን ግጠሚ፣ ላንቺ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፣ ለእኔ ስትዪ ቻይው አለና የሌንሱን ክዳን አነሣ።

ተቀመጥኩ። ዝንብ ጉንጬ ላይ ሄደች፤ ተውኳት። የውጪው በር ሲጢጥ አለ። እግር ከኋላዬ አለፈ፤ የክፍሌ በር ወለል ሲል ሰማሁ። ከዚያ አንድ ሰው፣ ጨዋ ድምፅ ያለው፣ «እንደምን ዋሉ፣ እናቴ» አለ።

መልሱ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። ወንድሜ ከካሜራው ጎን ሆኖ ቀስ ብሎ፣ «አትድከም፣ አትሰማህም» አለው። ፎቶው እንዳይበላሽብኝ ሰውየውን በዘዴ የሚያባርርልኝ መስሎኝ ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው። ያዝኩት። በራሴም ኮራሁ፤ እንዲህ ያለች ተቀማጭ ከየት ታገኛለህ ልለው እየጠበቅሁ።

ክዳኑን ሲመልስ ዞር ብል ማንም የለም። ቤት ጠፍቷቸው ነው አለኝ። የፎቶ ወረቀቱ ያለበትን ጠፍጣፋ ሣጥን ዕቃ ቤት አስቀመጠ፤ ማጠቢያው አልቋል፣ ገዝቼ እስክመጣ እንዳትነኪው ብሎ እየተጣደፈ ወጣ። ጠርሙሱን አንሥቼ ብነቀንቀው አላለቀም። ግማሽ አለ። እኔ ደግሞ የራሴን ፊት ለማየት የማንንም ፈቃድ አልጠብቅም።

አጠብኩት፤ ሌላ ወረቀት ላይ ደርቤ ብርሃን አሳየሁት፤ ሳህኑ ውስጥ አስተኛሁት። መጀመሪያ ዓይኔ መጣ፤ ቀጥሎ መሐረቤ፤ ቀጥሎ እጄ፣ በወስፌ የተወጋው አውራ ጣቴ ሳይቀር። ቆንጆ ነኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ጠርጥሬ ነበር፣ አሁን አየሁት። ከዚያ ከትከሻዬ ኋላ፣ በክፍሌ በር ላይ፣ ሁለት ሰዎች መጡ። ሲንቀሳቀሱ ስለነበር ከጢስ የተሠሩ ይመስላሉ፤ የበሩ እንጨት በሆዳቸው ውስጥ ያልፋል። አንደኛው ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እኔ ጎንበስ ብሏል። ሰላም ያለኝ እሱ ነው። የሌላው ፊት አይለይም፤ ክንዱ ላይ ግን ጃንጥላ ተንጠልጥሏል። በሁለት እጁ መሃል የክፍሌን በር ስፋት የሚለካ ነጭ ሜትር ተወጥሯል። እሱን ሲለካ ረጋ ብሎ ነበርና ጃንጥላውና ሜትሩ ጥርት ብለው ወጥተዋል። እኔን ለማቆየት ያጠበባት ቀዳዳ የኋላውንም አጥርታ አወጣችልኝ።

ፎቶውን ከቆዳ ቁርጥራጮች ሥር ደበቅሁት። ወንድሜ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ነካክቼ አበላሸሁት፣ ሁሉም ጠቆረ አልኩት። የእንጨት ጠርዝ ተሰነጠቀ ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚያኮርፈው ልጅ፣ ያን ሁሉ ልፋቱን አበላሸሁብህ ስለው አልተቆጣም። እንዲያውም ፊቱ ፈካ። ግድ የለም፣ ነገ እንደገና ትቀመጫለሽ አለ። ልቤ የወደቀው ፎቶውን ሳይ ሳይሆን ያኔ ነው።

በማግስቱ ተቀመጥኩ። ሹካው አንገቴን ያዘ፤ ክዳኑ ተነሣ፤ በሩ ሲጢጥ አለ። አሁን ደፍረው አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ባለ ባርኔጣው ጎንበስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚናገሩት ጮክ እያለ፣ አይዞዎት፣ ወንድምዎ ጥሩ ማረፊያ አግኝቶልዎታል፣ የሚያስታምምዎት ሰው አለ አለኝ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሮ ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀው።

«አእምሮዋ ከተነካ ቆየ» አለ ወንድሜ። «ስታስቀምጣት ትቀመጣለች። ስለ ቤቱ መወሰን የምችለው እኔ ብቻ ነኝ።»

ጃንጥላውም እኔ ምስክር ነኝ፣ ደጋግሜ መጥቼ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም አለ። በእኔ መጥረጊያ ጀርባው የተወለወለው ሰውዬ።

አንገቴን ከሹካው አላቅቄ ተነሣሁ።

«እንደምን ዋሉ» አልኩት ባለ ባርኔጣውን። «ትናንት ሰላም ሲሉኝ ሳልመልስልዎ ቀረሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፎቶ እየተነሣሁ ነበር።»

ሰውየው አፉን ከፍቶ ባለበት ቀረ። ጃንጥላው መጥረጊያው የት እንደሚቀመጥ ስለሚያውቅ ወዲያው በሩ ጋ ደረሰ። ባለ ባርኔጣው ቤቱ የእርስዎ ነው ወይ አለኝ። ግማሹ የእኔ ነው፣ ሌላው ግማሽ የዚህ ነው፣ አናጢ ነውና ከፈለጉ በመጋዝ ከፍሎ ይስጥዎት አልኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ እሱም ተታሏል። ሲወጣ ወንድሜን ጫማው ሥር የተጣበቀ ነገር እንደሚያይ አይቶት ሄደ።

ወንድሜ ክዳኑን እንደያዘ ቆሟል። ሌንሱን መዝጋት ረስቶታል። ከእጁ ቀምቼ እኔ ዘጋሁት።

ከዚያ የተናገረውን ተናገረ፤ ሌላ ቦታ የራሱን ሱቅ መክፈት እንደሚፈልግ፣ ከአፌ ሥር መኖር እንደሰለቸው፣ ቢጠይቀኝ እምቢ እንደምል ስለሚያውቅ እንዳልጠየቀኝ። እምቢ እል ነበር። እምቢ ተብሎ መኖር ግን ያለ ነው፤ ማንም አልሞተበትም። እኔን የቆረጠኝ ሌላ ነው።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አልኩት። «ወናፉን ሥሪልኝ ስትለኝ ይህን አስበህ ነበር?»

ራሱን ነቀነቀ። «ያኔ አይደለም፣ እትዬ። ኋላ ነው።»

አዎ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። አዎ ቢለኝ ያን ሰሞን በሙሉ ጠቅልዬ እጥለው ነበር፣ ሳቁንም፣ ድመቷንም፣ ሁሉንም። ኋላ ካለኝ ግን ከቀኖቹ አንዱ ቀን ነው። በየትኛው ቀን እንደሆነ አላውቅም። ግድግዳውን ስናነሣ ይሁን፣ በርሜሉን ስናነሣ፣ የአንገት ትራሱን ስሰፋለት አጠገቤ ቁጭ ብሎ ክር ሲያቀብለኝ ይሁን። እስካሁን አንድ በአንድ አነሣቸዋለሁ፣ የትኛው እንደሆነ አይለይም።

መጋዙንና መላጊያውን ሰብስቦ ሄደ። ሣጥኑን ይውሰድ፣ እንጨቱን እሱ ነው የላገው፤ የእናቱም ቁም ሣጥን ነው። ወናፉን ግን ከክፈፉ ነቅዬ አስቀረሁ። ቃሌን አልሰጠሁምና ቤቱም እንዳለ አለ።

ሁለተኛውንም ወረቀት አጠብኩት። ወንበሩ አለ፤ እኔ ስነሣ ጢስ ሆኛለሁ፤ ጥርት ብሎ የወጣው ባለ ባርኔጣው ነው፣ አፉን ከፍቶ። ወንድሜ በሁለቱም ላይ የለም። የመጀመሪያውን መስፊያ ክፍሌ ውስጥ ሰቀልኩት። ቦርሳ ሊያሠሩ የሚመጡ ሰዎች ከኋላዬ ያሉት መናፍስት ናቸው ወይ ይሉኛል። ደላሎች ናቸው፣ መናፍስትማ በር አይለኩም እላለሁ።

ከከረመ በኋላ ወንድሜ ሰው ላከብኝ። ይቅርታ አልላከም፤ ወናፉን ላኪልኝ፣ ያለ እሱ ሣጥኑ አይሠራም ነው ያለው። መልእክተኛውን ውሃ አጠጥቼ አስቀመጥኩት። ከምስማሩ ላይ የመጀመሪያውን ወናፍ አወረድኩ፣ በድርብ ክር የሰፋሁትን። አቧራውን አራገፍኩ፣ በመሐረብ እንደ እንቁላል ጠቀለልኩ፣ ሰጠሁት።