ቀስ ብሎ የሚድን ፕላስቲክ

የምርምር ተማሪዋ ተቆርጦ መልሶ የሚጋጠም ፕላስቲክ ሠርታለች። ብርሃን ሲያገኘው ማር የሚመስል ስስ ሉህ ነው። በምላጭ ከፍላ፣ ጫፎቹን አነካክታ መስኮቱ ሥር ስትተወው፣ ውስጡ ያሉት ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች በእንቅልፍ ልብ እንደሚፈላለጉ እጆች እየተንፏቀቁ ይገናኛሉ። ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። አገጯን በመዳፏ ደግፋ ስታየው ውሃ ውስጥ የተቀመጠች ይመስላታል፤ የቤተ ሙከራው ማራገቢያ ድምፅ እንኳ ከሩቅ የሚመጣ ይሆንባታል።

“አንቺ ዝምተኛ፣ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኮ ጡረታ ልንወጣ ነው!” አላት የጠረጴዛ ጎረቤቷ። ስሙን ትተው “ፋሽን” ይሉታል፤ የሳይንስ ጆርናሎቹ ዘንድሮ ምን እንደወደዱ ሳያይ ሙከራ አይጀምርም።

ፈገግ ብላ ወደ አማካሪዋ ቢሮ ሄደች። አስጠርተዋት ነበር።

ዶክተሩ ስክሪኑን አዞሩላት። በየዓመቱ የታተሙት ጥናቶች በግራፍ ተስለዋል። ርዕሳቸው ላይ “ፈጣን” የሚል ያለባቸው እንደ ጢስ ሽቅብ ይወጣሉ፤ የቀሩት መሬት ለመሬት ይሳባሉ።

“አየሽ ልጄ? ምድጃ ውስጥ ክተቺውና ወዲያው ይጣበቅ። ርዕሱን ‘ፈጣን’ በይው። አሁን ከላክነው ዘንድሮ ትመረቂያለሽ።”

ጽሑፍ ካልታተመ ምርቃት የለም። እናቷ ደግሞ ልጄ ዘንድሮ ትመረቃለች ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

“ሞክሬው ነበር” አለች ወለሉን እያየች። “ሲሞቅ ይቀልጣል እንጂ አይድንም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጠባሳው አለ። ሲስቡት እዚያው ላይ ይበጠሳል።”

“ማን ይስበዋል?”

“የሚያምነን ሰው፣ ዶክተር።”

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ግራፉን ሰው እንደሚያዩ ትክ ብለው አዩት።

“ቀስ የሚለውን የሚቀበል ጆርናል ጥቂት ነው” አሉ በመጨረሻ። “መልሱም ይዘገያል። ዘንድሮ አትደርሺም።”

በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ስትወጣ የኮሪደሩ ወለል እንደ ጥጥ ለሰለሰላት።

ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ “ቀስ ብሎ የሚድን ፕላስቲክ” የሚል ርዕስ መጻፍ ስትጀምር ፋሽን በትከሻዋ በኩል አጮልቆ አነበበ።

“ጉድ ነው! እና ለእናትሽ ምን ልትያት ነው?”

“‘ለከርሞ’ እላታለሁ” አለችና መጻፏን ቀጠለች።