የአጋኔታ መልስ

ፈረሰኞቹ ግቢውን ሞልተው ሲገቡ አጋኔታ የሐብሐብ ጭማቂ እንደ ማር እስኪወፍር ደጅ ላይ በትልቅ የብረት ድስት ውስጥ እያፈላች ነበር። ማማሰያውን ከእጇ አላወጣችውም።

የሆልመናው ከተማ ሰው ወሬውን ከሰማ ሰንብቷል። ከወንዙ ማዶ ባለው መንደር እነዚሁ ሽፍቶች ጠመንጃ የተገኘበትን ቤት ወንድ ሁሉ ግድግዳ ሥር አሰልፈው ፈጅተዋል። በሆልመናው ደግሞ ጠመንጃ ሊገኝ አይገባም ነበር፤ ከተማዪቱ የተቆረቆረችውስ በዚሁ አይደል? ቅድመ አያቶቻቸው አገራቸውን ጥለው እዚህ ጭው ያለ ሜዳ ላይ የሰፈሩት፣ ጉድጓድ የቆፈሩት፣ ዛፍ የተከሉት፣ የአገሩ ንግሥት እንደ እምነታችሁ ልጆቻችሁ ጦር መሣሪያ አይሸከሙም ስላለቻቸው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ እንዲያ ኖሩ። አምና ግን የጀርመን ወታደሮች ለቀው ሲወጡ፣ የአጋኔታ ልጅ ጌርሃርድና የጎረቤቷ የሱዛና ልጅ አብራም ከእነሱ አንዳንድ ጠመንጃ ተቀበሉ። የእምነታቸው ጉባኤ ቢቆጣ፣ እናቶች ቢያለቅሱ፣ ወይ ፍንክች።

አሁን ጌርሃርድ ከቤቱ ጋር በተያያዘው በረት ቆጥ ላይ፣ ገለባ ውስጥ፣ ጠመንጃውን አቅፎ ተኝቷል።

የሽፍቶቹ አለቃ ከአውሬ ፀጉር የተሠራ የሴት ካፖርት ደርቧል። ከፈረሱ ጎንበስ ብሎ ማማሰያውን ነጥቆ ጫፉን በጣቱ ጠቅሶ ላሰና መለሰላት።

«ይጣፍጣል፣ እማማ። እናንተ ሰዎች መዋሸት አታውቁም ይባላል። እኛም ደክሞናል፣ ገለባ ስንበትን አንውልም። እንጠይቃለን፣ ትመልሳላችሁ። ጠመንጃ አለ?»

አጋኔታ አጠገቧ የቆመውን ባሏን አየችው። ኮርኔሊየስ የጉባኤው ሰባኪ ነው፤ ፈረስ ሊሸጥ ገበያ ወጥቶ «ይቺ እንኳ ታነክሳለች» ብሎ ራሱ የሚናገር ሰው። አፉን ሊከፍት መሆኑን ከአገጩ አወቀች። ስንት ዘመን አብራው ኖራ እንዴት ይጠፋታል! የገዛ ልጁን በገዛ አፉ ሊያስገድል ነው።

«የለም» አለች ቀድማው። «እዚህ ቤት ጠመንጃ የለም።»

ቃሉ እንደማንኛውም ቃል ከአፏ ወጣ። ውሸት እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? ብላ ራሷ ደነገጠች።

አለቃው ወደ ኮርኔሊየስ ዞረ። «አንተስ ሽማግሌው? እውነቷን ነው?»

ኮርኔሊየስን ላብ አጠመቀው። መሬት መሬቱን አየ።

«ሚስቴ» አለ፣ «እስከ ዛሬ ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም።»

«ይበቃል» አለ አለቃው፣ ልጓሙንም ወደ ሱዛና ግቢ አዞረ።

አጋኔታ ያኔ ነው የገባት፤ ሱዛናንም ይህንኑ ሊጠይቋት ነው፣ እሷም አትዋሽም። የሁለቱን ጓሮ የሚለየው አጥር ዝቅ ያለ ነው። ተሻግራ በሱዛና ጆሮ አንድ ቃል ሹክ ማለት ትችል ነበር። ሲያዩኝ ይጠረጥሩናል፣ ተመልሰው ቆጡን ይበረብራሉ አለች በልቧ። ሐሳቧ እውነትም ነበረበት፣ ፍርሃትም ነበረበት። ጭማቂው እንዳያርርባት ማማሰሏን ቀጠለች።

ተኩሱ ሁለት ጊዜ ተሰማ። ከዚያ የፈረሶቹ ኮቴ ከከተማ ወጥቶ ራቀ።

ሱዛና በአጥሩ በኩል መጣች። አታለቅስም። ሽርጧ ከላይ እስከ ታች ደም ነው።

«ጠየቁኝ፣ አለ አልኳቸው» አለች። «እውነቱን ከነገርኳቸው፣ ጠመንጃውን ወስደው ይተዉናል ብዬ። አብራምንም ኢሳክንም፣ ልጄንም ባሌንም ገደሉብኝ።» ወደ አጋኔታ ዞረች። «አንቺስ? ምን አልሻቸው?»

ኮርኔሊየስ ፊቱን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዞረ። ከበረቱ ጌርሃርድ ከቆጡ ሲወርድ መሰላሉ ተንቋቋ።

«ዋሸኋቸው» አለች አጋኔታ።

ስድብ ጠበቀች፣ ጥፊም ጠበቀች፤ ቢመጣ በወደደች። ሱዛና ግን አጥሩን አየች፣ ከወገቧ የማያልፈውን አጥር።

«ምናለ» አለች ቀስ ብላ፣ «ለእኔም ብትነግሪኝ ኖሮ።»