ቅዳሜና እሑድ ይሻላቸዋል

ሰው ደግና ክፉን የሚለይበት መንገድ ከልጅነት እስከ እርጅና በደረጃ ያድጋል እያልኩ ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ። ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚሁ ነው። ሕፃን ቅጣት ይፈራል፤ ትንሽ ከፍ ሲል የሚጠቅመውን ያሰላል፤ ከዚያ ጥሩ ልጅ መባልን ይወዳል፤ ከዚያ ሕግ ያከብራል፤ ጥቂቶች ደግሞ ከሕግም አልፈው በኅሊናቸው ይመራሉ። ሰሌዳው ላይ መሰላል እሥላለሁ፣ ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ። እኔ ራሴ የትኛው እርከን ላይ እንደቆምኩ እስከ ዘንድሮ ሁዳዴ ድረስ የጠየቀኝ አልነበረም።

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ ሦስት ሆነን እንኖራለን፦ እኔ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሔራን፣ እና አባቴ መሪጌታ ገብረ ኪዳን። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደልጊ አጠገብ፣ ጣና ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው በጥር የሳንባ ምች ጣላቸውና ይዤያቸው መጣሁ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ ሁለት ነገር አዘዘ። ሰውነታቸው ስላለቀ ወተትና እንቁላል ይውሰዱ፤ ልባቸው ስለደከመ ደግሞ ስግደት የሚባል ነገር እንዳይሞክሩ።

"ስግደቱን እሺ፣ እተዋለሁ" አሉኝ። "ጾሙን ግን ሰባ ዓመት ሙሉ አልሻርሁትም። አሁን በማለቂያዬ አልሽረውም።"

"ዓሣ እንኳ ይብሉ አባባ። ስንቱ በጾም ዓሣ ይበላል።"

"የሚበላው ይብላ።"

እኔ ደግሞ እምቢ ሲሉኝ ደሜ የሚፈላ ሴት ነኝ። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ሐሙስ ዕለት የዱቄት ወተት ገዛሁና የአጃ አጥሚታቸው ውስጥ ሦስት ማንኪያ ጨመርኩ። ጣዕሙ እንዳይታወቅ ዝንጅብል አበዛሁበት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠጥተው ሲጨርሱ "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" አሉኝ። ቆርቆሮውን ከዱቄቱ ባልዲ ኋላ ስደብቅ ሔራን በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"እማዬ፣ ወተት ነው?"

"መድኃኒት ነው።"

"ወተት ይላል እኮ።"

ማንበብ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። "ለአባባ እንዳትነግሪ፤ ከነገርሽ እንተያያለን!" አልኳት። በማግስቱ ጠዋት፣ ልጅን በማስፈራራት ማሳደግ ለኅሊናው እድገት ለምን እንደማይበጅ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማርኩ።

ግራ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሥራ በምውልበት ቀን አጥሚቱን በፔርሙዝ እተዋለሁ፤ ከግማሽ ቀን ትምህርቷ የምትመለሰው ሔራን ትቀዳላቸዋለች። ወተቱ ግን አልሠራም። ሰኞ ማታ ስመለስ አባቴን ደክመው አገኛቸዋለሁ፤ ዓርብ ሲደርስ ከአልጋ መነሣት ያቅታቸዋል። ቅዳሜና እሑድ ግን ይሻላቸዋል። ሔራንን ይዘው እስከ ሐይቁ ዳር ይሄዳሉ፣ ታንኳ የሚቀዝፉትን "እንዲህ አይያዝም!" እያሉ ይገሥጻሉ። ሰኞ እንደገና ይወድቃሉ። ሐኪሙ "ቅዳሜና እሑድ ምን የተለየ ነገር አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። "እኔ ቤት እውላለሁ" አልኩት። ደስ እያለኝ ነው ያልኩት፤ ሞኝ ነኝ። ከዚያ ሦስቱን ማንኪያ አምስት አደረግኩት።

እንቅልፍ ግን አጣሁ። ቢሞቱስ? ሰባ ዓመት የጠበቁትን ጾም እኔ በማንኪያ ሽሬባቸው፣ ሳያውቁት ቢሄዱስ? ብነግራቸው ደግሞ አጥሚቱንም ይተዉታል፤ ያኔ ያለጥርጥር ይሞታሉ። ለማን ይነገራል? ንስሐ አባት ፊት ከቀረብኩ ዘመን የለኝም። የቀረችኝ ሙያዬ ብቻ ናትና ነገሩን የክፍል ጥያቄ አደረግኩት። "አንዲት ነርስ፣ ታማሚው አልወስድም ያለውን መድኃኒት በሻይ ደብቃ ትሰጠዋለች። ልክ ናት ወይስ አይደለችም? ለምን?" ከአርባ ሁለት ተማሪዎች ሃያ አንዱ ልክ ናት፣ ሃያ አንዱ አይደለችም አሉ። የሚገላግለኝ አንድ ሰው እንኳ ጠፋ።

ቤት ወስጄ ሔራንን ጠየቅኳት።

"ልክ አይደለችም" አለች። "ውሸት ነዋ።"

"እሺ፤ ለታማሚው ይነገረው?"

ፀጉሯን ጠቀለለች፣ ፈታች። "ታማሚው ካወቀ፣ ማወቁ ለነርሷ አይነገራት።"

"እንዴት? ለምን?"

"ታፍራለቻ።"

መልሷን በእርሳስ ልመድበው ሞከርኩ። ከቅጣት ፍርሃት አልገባ፣ ከሕግ አልገባ፤ በእኔ መሰላል ላይ ታፍራለች የሚባል እርከን የለም። ወደ አባቴ ዞርኩ።

"ታማሚው ቢያውቅስ?" አሉኝ።

"አያውቅም።"

"ቢያውቅስ ነው የምልሽ።"

"አባባ፣ ጥያቄው ላይ አያውቅም!"

"እንግዲያማ ጥያቄሽ ጎደሎ ነው" ብለው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። ወረቀቴ ላይ "መልስ የለም" ብዬ ጻፍኩ።

በስድስተኛው ሳምንት ረቡዕ ኮሌጁ መብራት ጠፋና ስምንት ሰዓት ላይ ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ሳለሁ የሔራን ድምፅ "ሠላሳ አንድ" ሲል ሰማሁ። በሩን ከፈትኩት። አባቴ ወለሉ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ሔራን ክንዳቸውን ይዛ ልታነሣቸው ትታገላለች።

"ምንድን ነው ይሄ!" ጮህኩ። "አባባ፣ እሺ ብለውኝ አልነበር? መሞት ነው እንዴ ያማረዎት?"

ደግፌ በርጩማው ላይ አስቀመጥኳቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኩ።

"በየቀኑ ነው?"

"ቅዳሜና እሑድ አይሰገድም" አለች ሔራን።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለቱን ቀን የሚሻላቸው እኔ ቤት ስለምውል አልነበረም። ስግደት የሌለባቸው ቀኖች ስለሆኑ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ወተቴ የሚያቆማቸውን ያህል ስግደቱ ሲጥላቸው ከርሟል።

"ስለ ምንድን ነው የሚሰግዱት?"

"ስለ ወተቱ" አሉ አባቴ።

ሔራን ማልቀስ ጀመረች። "ጠየቁኝ እማዬ። በመጀመሪያው ቀን ነው የጠየቁኝ። ዝም አልኩ፤ ግን አወቁ።"

"ላም ሳልብ ያደግሁ ሰው ወተት አይለይም ብለሽ ነው?" አሉኝ አባቴ። "በማግስቱ ለንስሐ አባቴ ለአባ ፅጌ ማርያም ነገርሁ። 'ሕሙም ነዎት፤ ሐኪም ካዘዘ ይጠጡ፤ ተፈቅዶልዎታል' አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በፈቃድ ነው የጠጣሁ።"

አምስት ሳምንት ሙሉ ከባልዲ ኋላ የደበቅኩት የተፈቀደ ነገር ነበር። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

"ታዲያ ስግደቱ?"

"እሱማ ያንቺ ነው። እኔን ለማታለልሽ። አንቺ ንስሐ አባት ፊት አትቀርቢ፤ ማን ይስገድልሽ? በቀን አርባ አንድ ነው። አርባው ያንቺ፤ አንዷ ደግሞ እኔ አልሰግድም ብዬ ለዋሸሁሽ።"

"ለራስዎ አንድ ብቻ?"

"ትንሽ ውሸት ናታ።"

"ለምን አልነገሩኝም ታዲያ? ቢነግሩኝ ኖሮ…"

"ታፍሪያለሻ።"

ሔራንን አየኋት። የእግሯን ጣቶች ታያለች።

በእርግጥም አፈርኩ። ተናደድኩም፤ ሁለቱንም አቅፌ ሁለቱንም መገሠጽ አማረኝ። እኔ አባቴን ላድን ብዬ ዋሸሁ፤ አባቴ የእኔን ውሸት ሊክሱ ብለው ራሳቸውን ሊገድሉ ደረሱ፤ ልጄ ሁለታችንንም ላለማሳፈር አምስት ሳምንት ምሥጢር ተሸከመች። ከሦስታችን ማን የላይኛው እርከን ላይ ነው ያለው? ማንስ የታችኛው ላይ? አሥራ ሁለት ዓመት ይህንኑ ያስተማርኩ እኔ እስካሁንም አላውቅም።

"ስንት ቀርቷል?" አልኩ።

"አሥር" አለች ሔራን አፍንጫዋን እየጠረገች። "ሠላሳ አንድ ላይ ነው የገባሽው።"

ጫማዬን አወለቅኩ። ሻርፔን ራሴ ላይ ጣል አደረግኩ። "እርስዎ ከበርጩማው እንዳይነሡ" አልኳቸው። ከሰገድኩ ስንት ዓመቴ ነው፤ እጅ ይቅደም ጉልበት እንኳ ጠፍቶኛል። እንደምንም ተደፋሁ። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። ስነሣ ጉልበቴ ጮኸ።

"ሠላሳ ሁለት" አለች ሔራን።

"የምን ሠላሳ ሁለት!" አሉ አባቴ። "እሱ የእኔ ቁጥር ነው። እናትሽ ከአንድ ትጀምር።"