ሃምሳ ሲሞላት አምጪያት

አክስቴ ዓቢዳ ስትሞት የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው ይል ነበር። እውነተኛ ዕድሜዋ ስልሳ ሁለት ነው። አሥራ አራቱን ዓመት ያስቀነስኩት እኔ ነኝ።

ደጋን ከተማ ያለው ደላላ ከአርባ አምስት በላይ ለሆነች ሴት ቪዛ አይወጣም ሲለኝ፣ እዚሁ ሳዑዲ፣ ኾበር ሆኜ በስልክ «ታዲያ አሳንሰህ ጻፋ» አልኩት። በእኛ ዘንድ ይህ እንደ ውሸት አይቆጠርም። ደላላ እንደ ልብስ ሰፊ ነው፤ ለልጅቷ ያስረዝማል፣ ለባልቴቷ ያሳጥራል። እኔም በአሥራ ሰባት ዓመቴ ሃያ አራት ተብዬ ነው የመጣሁት። ዓቢዳ በዚህ ትስቅብኝ ነበር።

«በወረቀቱ ከሄድንማ የምበልጥሽ ስድስት ዓመት ብቻ ነው» ትለኛለች። «ማን ነው አዝሎ ያሳደገሽ ታዲያ?»

አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

አሠሪዬ ማዳም ግን አልሳቀችም። ዓቢዳ እኔ የምሠራበት፣ ዑለያ ሰፈር ያለው ቤት በገባች በሳምንቱ፣ ይቺ ሴት አላረጀችም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወላሂ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፣ የገጠር ፀሐይ ነው ያጠወለጋት ብዬ ማልኩላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሸቱ ከደላላው እጅ ወጥቶ የእኔ ሆነ።

የዓቢዳ ሥራ የማዳምን እናት መጠበቅ ነበር። ማማ ነው የምንላቸው። ማማ አጥንታቸው ሳስቷል ተብሎ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሚወስዱት ኪኒን ነበራቸው። በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ይዋጣል፤ ከዋጡ በኋላ ግማሽ ሰዓት መተኛትም መብላትም የለም። ማማ ቶሎ መጋደም ይወዳሉ። ዓቢዳ ክንዳቸውን ይዛ ሳሎን ውስጥ ታንሸራሽራቸዋለች፤ እሳቸው በዓረብኛ ይረግሟታል፣ እሷ በአማርኛ «እሺ የኔ ንግሥት» ትላቸዋለች። ከመኝታ ክፍላቸው ምንጣፉን አንስታ፣ በመታጠቢያ ቤቱ የሚያዝ ብረት ይተከል ብላ በምልክት ማዳምን የጨቀጨቀችው እሷው ናት። ማማ በእሷ እጅ አንድ ቀን እንኳ አልወደቁም።

ዓቢዳ በመጣች በስድስተኛው ዓመት፣ አንድ ቀን ማማን ለክትትል ሰፈር ውስጥ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ማዳም፣ ዓቢዳና እኔ ነበርን። ዓቢዳ የቤት ሥራ እንጂ የሐኪም ዓረብኛ ስለማታውቅ እኔ አስተረጉማለሁ። ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት፣ ረጋ ያለች ሴት። የማማን መድኃኒት ጽፋ ስትጨርስ የዓቢዳን ግራ እጅ አየች። ባለፈው ረመዳን ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው። ያዝ አድርጋ አገላበጠችውና፣ ይቺንም ልጠይቃት አለች።

ዓቢዳ ገብቷት ኖሮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ለሐኪምማ እውነቱን ንገሪያት፣ ጀነት። ለሐኪም አይዋሽም።»

ማዳም አጠገባችን ተቀምጣለች። ስልኳን እየነካካች ነው፣ ጆሮዋ ግን እኛ ጋ ነው። ሐኪሟ ዕድሜዋ ስንት ነው ስትለኝ አርባ ሰባት አልኩ። የወር አበባዋ ቆሟል ወይ አለች። ከቆመ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ግን አርባ ሰባት ካልኩ በኋላ ምን እላለሁ? አልቆመም አልኩ። እጇ እንዴት ተሰበረ አለች። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ደረቅ ወለል ላይ፣ በቁመቷ ወድቃ ነበር። ባልቴት ነው እንዲህ የሚሰበረው ትለኛለች ብዬ፣ ከመሰላል ወድቃ ነው አልኩ።

ሐኪሟ ስለ እናቷ ስትጠይቅ ግን ዓቢዳ ራሷ ቃሉን ለየችው። ዳሌዋን መታ መታ አድርጋ ወደ መሬት አመለከተች። አያቴ ደፍ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ እንደተኛች ነው የሞተችው። ይህን መካድ አልቻልኩም።

ሐኪሟ አሰበች። ከዚያ በሐኪም እርጋታ ለእኔ አስረዳችኝ። ለአጥንት መሳሳት ገና ልጅ ናት፣ ወተት ትጠጣ፣ ፀሐይ ይንካት። በእናቷ ምክንያት ግን ችላ አይባልም።

«ሃምሳ ሲሞላት ሳትዘገዪ አምጪያት» አለችኝ። «አጥንቷን በራጅ እንለካዋለን። ሦስት ዓመት አላት።»

ሃምሳ ከሞላት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። እሺ፣ ኢንሻአላህ አልኩ።

ኮሪደሩ ላይ ዓቢዳ ምን አለችሽ ስትለኝ፣ ደህና ነሽ፣ ወተት ጠጪ አለች አልኳት። እውነቱንስ ነገርሻት አለችኝ። አዎ አልኳት። አልሐምዱሊላህ ብላ የማማን ክንድ ያዘች።

የዋሸሁት ለማን ብዬ ነው? ማዳም ካወቀች ዓቢዳን በኹሩጅ፣ በመውጫ ቪዛ፣ ወደ አገሯ ትመልሳታለች ብዬ ነው፤ ለራሴ ስናገር የኖርኩት ይህን ነው። ዓቢዳ ግን መመለስን አትፈራም ነበር። የማለው የእኔ አፍ ነው፣ የምትባረረው እኔ ነኝ ብዬ ፈርቼ ነው።

በዓመት ከአራት ወሩ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የታጠበ አንሶላ ይዛ ከክፍላችን ስትወጣ ወደቀች። ውኃ የለ፣ ምንጣፍ የለ። እግሯ ወደ ውጭ ዞሮ ቀረ። ደማም ከተማ ሆስፒታል ወስደው ዳሌዋን አስተካከሉላት፤ በዘጠነኛው ቀን የረጋ ደም ወደ ሳንባዋ ሄደ አሉን። አላህ ይርሐማት። ራካ ሰፈር ጎማ ቤት የሚሠራው ወንድሜ ሳቢር ቀብሯት መጣ። መቃብሯ ላይ ምን ተጻፈ ብዬ ጠየቅኩት። እዚህ አይጻፍም፣ ድንጋይ ብቻ ነው አለኝ። ዕድሜዋ ባለመጻፉ ቀለል አለኝ፤ በመቅለሌ ደግሞ አፈርኩ።

ከወር በኋላ ማማን ይዘን ጤና ጣቢያው ተመለስን። ሐኪሟ እጇ የተሰበረው ሴትዮ የት አለች ብላ ጠየቀች። ማዳም ነገረቻት። ሐኪሟ ፊቷ ጠቆረ፤ በአርባ ስምንት ዓመት እንዴት እንዲህ ይሆናል እያለች ወረቀቷን ማገላበጥ ጀመረች። የራሷን ጥፋት ስትፈልግ ነበር። ያን ማየት አልቻልኩም።

«ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነበር» አልኩ። «የወር አበባዋም ድሮ ቆሟል። ከመሰላልም አልወደቀችም።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ማዳም ናት የተናገረችው።

«ለምን አልነገረችኝም? እናቴን ባስለካሁበት አስለካት ነበር። የቤቱ ሰው አይደለችም እንዴ?»

ይህን ታደርግ ነበር ወይስ አታደርግም፣ አላውቅም። እንድታደርግ ዕድል አልሰጠኋትም።

«ልትነግርሽ ፈልጋ ነበር» አልኳት። «የምታወራው ግን በእኔ አፍ ነበር።»

ማዳም እስካሁን አላባረረችኝም። አንድ ቀን ይሆናል ብዬ ልብሴን ሰብስቤ ነው ያለሁት። ቅዳሜ ሲመጣ ለማማ ብርጭቆውን እሞላለሁ፣ ኪኒናቸውን እሰጣቸዋለሁ፣ ክንዳቸውን ይዤ ግማሽ ሰዓት አንሸራሽራቸዋለሁ። ማማ ዓቢዳ የት ሄደች ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት የነገርኳቸውን ረስተውታል። እንደገና እነግራቸዋለሁ።